ፕሮፌሰሩ ስም ያወጡለት ቅጠል

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በመድኃኒት አዋቂው በጋሽ ደምለው አጥር በር ላይ፤ በዕፅዋት ጥናት ዶክትሬቷን ልትጨርስ የተቃረበችው እጹብ የአንድ ተክል ፎቶግራፍ ይዛ ቆማለች።

ጋሽ ደምለው፦ አላሳይም አልኩ፣ አላሳይም! ቅጠል የሚፈልግ ሰው ታሞ ነው የሚመጣ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነሽ።

እጹብ፦ አልቀጥፈውም ጋሼ። በቆመበት ልየው ብቻ።

ጋሽ ደምለው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ መኪና። አውቃችኋለሁ።

እጹብ፦ በጋዜጣ እንደምናደርቀው በምን አወቁ?

ጋሽ ደምለው፦ ጠያቂው እኔ ነኝ። ማን ላከሽ?

እጹብ፦ ማንም! በሚመጣው ወር የመመረቂያ ፈተና አለብኝ። ይህን ተክል ካላገኘሁ የአምስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።

ጋሽ ደምለው፦ ስሙ ማነው?

እጹብ፦ ስሙ በላቲን ነው። ሥርዓቱን ያስያዘው የድሮ የስዊድን ሐኪም ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ስም፣ አንዱ የወገኑ፣ አንዱ የራሱ።

ጋሽ ደምለው፦ ላቲን የሚናገረው የትኛው አገር ነው?

እጹብ፦ አሁን የሚናገረው አገር የለም።

ጋሽ ደምለው፦ ታዲያ ማን እንዳይሰማችሁ ነው በሱ የምታወሩት?

እጹብ፦ ኧረ ምስጢር አይደለም! ዓለም በሙሉ አንዱን ተክል በአንድ ስም እንዲጠራው ነው። ይህኛውን ከዚሁ አካባቢ ወስደው ስም ያወጡለት አማካሪዬ ናቸው፣ ፕሮፌሰሩ። ዘመድ ቢፈልጉለት ስላጡ ለብቻው አዲስ ወገን አቋቋሙለት። በዚሁ ታወቁ፣ በዚሁ ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ ግን ተክሉን ያየ ሰው የለም።

ጋሽ ደምለው፦ ቆይ፣ ረዥም ሰውዬ? “ከነአበባው ካልሆነ! ከነአበባው ካልሆነ!” የሚሉ?

እጹብ፦ ያውቋቸዋል?

ጋሽ ደምለው፦ እስቲ ፎቶውን አምጪው። አይ፣ ይኼማ የእኔው የእጅ ሥራ ነው።

እጹብ፦ የእጅ ሥራ?

ጋሽ ደምለው፦ እኛ መድኃኒት ወቅጠን ነው የምንሰጥ፤ ቅጠሉን ለልጅ እንጂ ለባዳ አናሳይም። ሰውየው ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጄ አልነቀል አሉ። ቢቸግረኝ የግራዋ ቅርንጫፍ ሰነጠቅሁ፣ የእንዶድ አበባ ሰካሁበት፣ በቁልቋል ወተት አጣበቅሁት። እየመረቁኝ ሄዱ።

እጹብ፦ ግራዋ! እናቴ የጠላ ጋን የምታጥብበት ግራዋ! እንዴት አያውቁትም?

ጋሽ ደምለው፦ አዲስ ነገር ሊያዩ ነበር የመጡት፤ አዩ። በይ ሂጂና ንገሪያቸው።

እጹብ፦ የፈተናው ሰብሳቢ ማን ይመስልዎታል?

ጋሽ ደምለው፦ እሳቸው?

እጹብ፦ እሳቸው። ሌሎቹ ሁለቱም እሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው።

ጋሽ ደምለው፦ ጉድ ነው! እንግዲህ ምን ይዘሽ ልትቀርቢ ነው?

እጹብ፦ ጋሼ፣ እንዶዱ ዘንድሮ አብቧል? ግራዋውን እኔው ቆርጬ አመጣለሁ።