ሰላምታው ይቆረጥ

ጋዜጠኝነት ስማር ከክፍላችን የከሚሴ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለልምምድ ጨፋ ሮቢት ገበያ ወጥተን አንድ ከብት ሻጭ አዛውንት ፊት ቴፔን ከፈትኩ። እኛ ዘንድ ቤተሰብና ከብት ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ አይገባም፤ በኦሮምኛ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከብቱ ላይ ስንደርስ "የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ስድስት ከብት ወሰደብኝ፤ የቀረችኝን ላም ልሸጥ መጣሁ" አሉኝ። ከዚያ ለቴፑ ብዬ በአማርኛ "አባባ፣ ገበያው እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

ክፍል ስንመለስ መምህራችን ቴፑን ሰምተው "ሰላምታው በዛ፤ ይቆረጥ" አሉ።

"ዜናው እኮ ሰላምታው ውስጥ ነው" ብዬ ተረጎምኩላቸው።

"ኦሮምኛ የሚሰማ ሌላ አለ?" ብለው ክፍሉን ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም።

"በአንድ ሰው ቃል ዜና አይሠራም" አሉና ቆረጡት። በቴፑ ላይ አዛውንቱ ደህና ናቸው።