እትዬ መስመርና በስማችን የተጻፈው ድምፅ

ከቅርብም ከሩቅም እግራችሁን ሳትሰስቱ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ መስመር እያለ ይጠራቸው የነበሩት የእናታችን፣ የእኅታችንና የጎረቤታችን የሕይወት ታሪክ ከዚህ በታች ይነበባል። ቤተሰቡ አስቀድሞ እንዲታወቅለት የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ጽሑፉ ለጆሮ እንዲጥም ተብሎ ያልተቀባባ መሆኑን ነው፤ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ የተቀባባ ወረቀት አይወዱም ነበር።

እትዬ መስመር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው፣ ዳገቱ ላይ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታቸው ለማዋለድ በወጡ ቁጥር ቤት የሚጠብቁት እሳቸው ስለ ነበሩ፣ ማን፣ ከየት፣ ለምን እንደ ፈለጋቸው መልእክት ተቀብለው ሳያዛንፉ ማድረስን ገና በልጅነታቸው ለመዱ። አባታቸው የዚህች ልጅ ምላስ ከመቀሴ ይስላል እያሉ በጎረቤት ፊት ቢያሟቸውም፣ ደንበኛ ሲያስቸግራቸው ቀድመው የሚጠሩት እሳቸውኑ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ዳገቱ ሥር ባለው ትምህርት ቤት ተከታትለው ሲያጠናቅቁ፣ በሒሳብ እንጂ በጠባይ ምስጉን እንዳልነበሩ ካርዳቸው ይመሰክራል፤ የክፍል ኃላፊያቸው በጠባይ ረድፍ ላይ ‹‹ጥያቄ ታበዛለች›› ብለው የጻፉትን እንደ ሽልማት ቆጥረው፣ በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለውት ኖረዋል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በስልክ ቤት በአገናኝነት ተቀጥረው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ ገመድ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰኩ ለሃያ ሁለት ዓመታት ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ቆዩ፤ ቅጽል ስማቸውም በቀን መቶ ጊዜ ከሚሉት ‹‹መስመር ላይ ይቆዩ›› የወጣ ነው። የትዳር ጓደኛቸውን ያገኙትም እዚያው ሲሆን፣ የአዳራሹን መብራት ሊጠግኑ የመጡት ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሦስት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ቆመው ሲሠሩት፣ ነገሩ አምፖል እንዳልሆነ ከሁሉ ቀድማ የገባት የሥራ ጓደኛቸው ናት። በትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ማሽን የአገናኞችን እጅ በተካ ጊዜም ባልና ሚስቱ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍተው በሰላም ሠርተዋል። ባለቤታቸው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በድንገት ሲለዩዋቸው ሱቁን ለሳምንት ዘግተው በስምንተኛው ቀን ከፈቱ፤ እንዴት ቻሉት ለሚላቸውም የተሰበረው የሰው ዕቃ እኔን አይጠብቅም ይሉ ነበር።

ኢንተርኔት ለከተማው ሁሉ ሲዳረስ ዳገቱ ተዘለለ። ምክንያቱን የጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የእናንተ ሰፈር አያዋጣም የሚል ሆነ፤ ሰው እንደማያዋጣ ተነግሮት ቤቱ ገብቶ ይተኛል ተብሎ ታስቦ ከሆነ፣ አሳቢው እትዬ መስመርን አያውቃቸውም። እሳቸው ከትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህርና ከጫማ ሰፊው ጋር ሆነው የመጀመሪያውን አንቴና በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተከሉ፤ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ፣ ከክሊኒኩ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተሻገረ በአራት ዓመት ሠላሳ ሰባት ቤት ደረሰ። መስመሩ የማንም የግል ንብረት አልነበረም፤ የመሣሪያ ሳጥኖቹ አይቆለፉም፣ አሠራሩም በተራ ቋንቋ ተጽፎ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ፣ መማር የፈለገ ሁሉ ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ አንብቦ ይመለሳል።

የሚተዳደረውም በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሚደረግ ስብሰባ ሲሆን፣ ጣሪያውን የሰጠም፣ በመስመሩ የሚጠቀምም እኩል ድምፅ ነበረው። ከሕጎቹ ሁሉ እትዬ መስመር አጥብቀው የያዙት አንዱ፣ ሐሳብ ቀርቦ ሰው ዝም ካለ ነገሩ እንደ ጸደቀ ሳይሆን ለሚቀጥለው ወር እንደ ተዛወረ ይቆጠራል የሚለው ነው። ለዚህም ከስልክ ቤት ያመጡት ማስረጃ ነበራቸው፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ጸጥ ሲል አገናኝ የሆነ ሰው ተስማማ አይልም፣ አልሰማ ይሆናል ብሎ ገመዱን እንደገና ይፈትሻል ይሉ ነበር። ስለዚህ የዳገቱ ሰው ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ወስዶ፣ አብስሎ፣ በወሩ ተመልሶ የመናገር ልማድ አዳበረ።

የመገናኛ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሰፈሮችን የጋራ መስመሮች አንድ አድርጎ በቦርድ ላስተዳድር ብሎ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ሰፈሩ መገናኘቱን አልጠላም፤ እትዬ መስመርማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ያንኑ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በአንድ ቅዳሜ መጥተው ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ ለአንድ ሰዓት ተናገሩ፤ በመጨረሻም ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ እንደ ልማዱ ዝም አለ። እትዬ መስመር የዕለቱ ሰብሳቢ ሆነው ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተዛውሯል ብለው በልባቸው ዘግተው፣ እንግዳውን አመስግነው፣ እስከ በር ሸኝተው ተሰናበቱ። ባለሙያው ግን በቃለ ጉባኤያቸው ላይ ‹‹ነዋሪው በሙሉ ድምፅ አጽድቋል›› ብለው ጻፉ።

እዚህ ላይ የእሳቸውም ጥፋት ይነገር፤ ይህን ሳንናገር ብንቀር እሳቸው ራሳቸው ይቆጡን ነበር። ደንባችንን ለእንግዳው አላስረዱም፤ ሰው ቤት የገባ ሰው የቤቱን ወግ ይጠይቃል ብለው አሰቡ። በቀና መንፈስ ማሰብ ጥፋት ከሆነ ጥፋታቸው ይኸው ነው፤ ይህችን ጥፋት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለራሳቸው ይቅር አላሉም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሳጥኖቹ ሁሉ ተቆለፉ፤ የዳቦ ቤቱ ጽሑፍም የማይፈቀድ ነው ተብሎ ወረደ። ቦርዱ በዘጠኝ አባላት ሲቋቋም አንቴናው በተተከለበት ጣሪያ ሥር የሚኖር አንድ ሰው እንኳ አልተካተተበትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለነዋሪው የቀረለት በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠራ የምክክር መድረክ ሲሆን፣ እሱም ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ስለሚደረግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመሆን አላለፈም። ቦርዱ በመጀመሪያው ዓመት የክሊኒኩን አንቴና ማንንም ሳይጠይቅ አንሥቶ ወደ አዲሱ የገበያ ሕንጻ ወሰደው፤ ክሊኒኩም ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ያለ መስመር ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን የዳቦ ጋጋሪው ምራት ምጥ ይዟት አምቡላንስ የሚጠራበት ጠፍቶ፣ ነርሷ እርዳታ ልትጠራ በእግሯ ዳገቱን ስትወርድ ልጅቷ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ወለደች። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ጽሕፈት ቤቱ በዓመታዊ ሪፖርቱ የደረሰ ጉዳት የለም ብሎ የጻፈው ይህንን ነው።

እትዬ መስመር ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ በሙሉ ድምፅ የሚለው ሐሰት ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ፣ ነዋሪውም ራሱ የመረጣቸው፣ ድምፅ የሚሰጡ ሦስት ሰዎች በቦርዱ ይኑሩት። ለዚህ አርባ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሦስት ፎቅ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባሉም፣ ስብሰባው ስለ እኛ ከሆነ እኔም ልግባ ይሉ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰጧቸው ‹‹ጥያቄዎ ደርሶናል›› የሚል ወረቀት ነው፤ የደረሰን ጥያቄ ስድስት ዓመት ታቅፎ መቀመጥ እንደ ሥራ የሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል?

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ጽሕፈት ቤቱ ለእሳቸው ለብቻቸው ድምፅ የሌለው የታዛቢ ወንበር እንሰጣለን አለ። እሳቸው ደክሟቸው ነበርና ተቀብለው ዕረፍት ማድረግ ፈለጉ፤ ይሁን እንጂ ሳይጠይቁ መወሰንን ሲያወግዙ የኖሩ ሴት ስለ ነበሩ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወደ ቅዳሜው ስብሰባ አቀረቡት። ጫማ ሰፊው ተነሥተው፣ እትዬ፣ አፍ የሌለው ወንበር የቤት ዕቃ ነው፣ እርስዎን ዕቃ ሲያደርጉዎት ቆመን አናይም አሉ። ድምፅ ሲሰጥ እሳቸው እንቀበል ብለው እጃቸውን አወጡና በብዙ ልዩነት ተሸነፉ። ሰኞ ጠዋት ሦስቱን ፎቅ እያረፉ ወጥተው፣ ሰፈሩ አልተቀበለውም የሚለውን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው አስገቡ፤ ይህም አርባ አንደኛው ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ትናንት ከጽሕፈት ቤቱ የኀዘን መግለጫ መጥቶ በዚህ ቦታ እንዲነበብ ተጠይቀናል። መግለጫው እትዬ መስመርን ‹‹የቦርዱ ትጉህ አባል›› ይላቸዋል። ቤተሰቡ ብቻውን መወሰን ስላልፈለገ ወረቀቱን ለቀስተኛው መሐል አቅርቦ አነጋገረበት፤ ሁሉም ተናገረ፣ እንዳይነበብም ተወሰነ። የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ በመካከላችን አሉ፤ ለቀብር በመምጣታቸው እናመሰግናለን፤ ሲመለሱ ግን ይህን ይዘውልን ይሂዱ። እትዬ መስመር የቦርድ አባል ሆነው አያውቁም። አባል እንሁን ብለው ስድስት ዓመት በራችሁ ላይ ተቀምጠው፣ ሳትከፍቱላቸው ሞቱ። በሕይወታቸው የነፈጋችኋቸውን ወንበር በሬሳቸው ላይ ልትሰጡ አትችሉም።

እትዬ መስመር መድኃኒት ቀማሚ የሆነች ሴት ልጃቸውን፣ የአውቶቡስ ሾፌር የሆነ ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት ታናሽ እኅታቸውንና ገና መልስ ያላገኘ የሰፈር ሰው ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን፤ በገዛ ጣሪያችን ሥር ሳንጠየቅ የሚወሰንብንንም ዘመን ያሳጥርልን።