እርድ የተቀባሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፊትሽ ላይ ማድያት መውጣቱን የሚነግርሽ መስታወት አይደለም፣ ጎረቤት ነው። መስታወትማ ከየት መጥቶ! እኔ ፊቴን አጥርቼ ያየሁት ሚዛን ገበያ ወርጄ በቆመ መኪና ስፖኪዮ ነው። ሹፌሩ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ወዴት ነዎት?» ሲለኝ «የትም፣ ፊቴን እያየሁ ነው» አልኩት። አትሳቁ! ሳሮን፣ አንቺ ደግሞ ለምረቃሽ ብለሽ ከገበያ የገዛሽውን ክሬም አስቀምጪና ስሚኝ።

ታዲያ ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ እዚህ ጉንጬ ላይ፣ ግንባሬም ላይ፣ ጥቁር ጥቁር ነገር ወጣብኝ። ሥራዬ ደግሞ ምን ነበር? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ማገላበጥ። ጠዋት አገላብጣለሁ፣ ቀትር አገላብጣለሁ፣ እና ቡናው ሲደርቅ እኔ እጠቁራለሁ። ግድም አልነበረኝ። ኋላ ግን የመጀመሪያ ልጄን፣ ያው እናትሽን፣ ለጋብቻ ሊጠይቁ ከቴፒ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ። ያኔ ፊቴ ትዝ አለኝ። የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው «እናትየዋ ይቺ ናት?» ቢሉስ?

ጎረቤቴ ብርቄ «አንቺ፣ ይሄ እኮ በእርድ ይለቃል! ቁንጥር እርድ በማር ለውሰሽ፣ ትንሽ አቆይተሽ ታጠቢው» አለችኝ። ቁንጥር ነው ያለችው፣ አልክድም። እና እኔ ምን አሰብኩ? ቁንጥሩ ይህን ካደረገ ጭልፋው ምን ያደርግ ይሆን! እርጥብ እርድ ቤት ነበር፣ ሥሩን ወቀጥኩ፣ ወቀጥኩ፣ ፊቴን ከነአንገቴ ለቀለቅኩና ከጠዋት እስከ ቀትር ተገትሬ ዋልኩ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በማግስቱ ነው እንግዲህ።

ታጠብኩ። ቢጫ። እንደገና ታጠብኩ። ቢጫ። በልብስ ሳሙና ፈተግኩት፣ ታዲያ ሳሙናው ሲነካው ጭራሽ ቀላ! አያትሽ፣ ይኸው ጥግ ተቀምጦ የማይሰማ መስሎ የሚሰማው፣ ከደጅ ገብቶ አየኝና «በኢየሱስ ስም! ምን ሆነሻል?» አለ።

«ማድያት እያስለቀቅኩ ነው።»

«ማድያቱማ አለ! ዙሪያውን ነው የቀባሽው!»

በማግስቱ ቅላቱ ለቆ ቢጫው ቀረ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ እንግዳ ልቀበል ወጣሁ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ከማሻ የተጠሩ ናቸው፣ የደጋ ሰዎች፣ እርድ የሚያውቁት ወጥ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሊስመኝ ጎንበስ አለ፣ ፊቴን አየና ቀጥ አለ። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝሽ» አለ። ሁለተኛው «እኔንም» አለና ሳለልኝ፣ ኡሁ፣ ኡሁ! ሦስተኛው የሚያገባት ልጅ አባት ነው፣ ሳሮን፣ የቴፒው አያትሽ። እሱ ጭራሽ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» ብቻ።

ጓዳ ገብቼ አዳመጥኳቸው። «የወፍ በሽታ ይዟታል፣ ቢጫ ሆና የለ?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «ከዚህ ቤት ልጅ አንወስድም፣ ይተላለፋል» ይላል ሌላው። እናትሽ አጠገቤ ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ «እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ?» ትለኛለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አለቀስኩ። የልጄን ትዳር በአንድ ጭልፋ እርድ አፈረስኩት አልኩ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ወጣኋ! ነጠላዬን ገለጥኩና «ሽማግሌዎች፣ በሽታ አይደለም፣ እርድ ነው» አልኳቸው። «ለእናንተ ላምር፣ ማድያቴን ላጠፋ ብዬ ነው። ልጄ ምንም አላጠፋችም።» ጉንፋን ያዘኝ ያለው «እንዲህ የሚያቀልም እርድ የት አገር አለ?» አለ፣ አላመነኝም።

ያኔ የልጁ አባት ብድግ አለ። ብድግ አለና እጁን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱንም። ቢጫ! እስከ ክርኑ ቢጫ! ለካ እርድ ለገበያ ሲቀቅልና ሲፈትግ የከረመ ሰው ነው። «እኔም አፍሬ ነው የደበቅኩት» አለ። «ገና ስትወጣ እርድ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ግን ለመናገር እጄን ማሳየት ሊኖርብኝ ነው። በዚህ እጅ ሽማግሌ ሆኜ ሰው ልጨብጥ?» እና መዳፉን እዚህ፣ ጉንጬ አጠገብ አቆመና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እዩ! እኛ ልጅ ልንጠይቅ መጣን፣ እናትየዋ የእኛን ቤት ቀለም ተቀብታ ጠበቀችን! ከዚህ በላይ እሺታ አለ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! የሁለቱም ጉንፋን እዚያው ለቀቃቸው፣ ተሽቀዳድመው ሳሙኝ። እናትሽ በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ በአንድ ዓይኗ ትስቃለች።

ከሠርጉ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ታሪኬን ሰምታ መጀመሪያ ጠግባ ሳቀች። ከዚያ «እማማ፣ ማድያት እድፍ አይደለም፣ አይታጠብም» አለችኝ። «ፀሐይ ያመጣዋል፣ እርግዝና ያመጣዋል፣ በዘርም ይመጣል። ሲፈትጉት ይብስበታል። ከፀሐይ ይከለሉ፣ የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ። የሚያደበዝዝ መድኃኒትም አለ፣ ግን ሐኪም አይቶ ሲያዝ ነው፣ ያውም ወራት ይፈልጋል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የገበያ ክሬም ቆዳ ያሳሳል፣ ይተውት። ደግሞ ቅርጹን የሚለዋውጥ ወይም የሚደማ ጥቁር ነገር ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሳገላብጥ ጃንጥላዬ ከእኔ ጋር ነው። «ወይዘሮዋ ቡናዋን ልትድር ነው!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ!

— እና ማድያቱ ለቀቀ፣ አያቴ?

— ደበዘዘ እንጂ መች ለቀቀ! ይኸው አለ፣ ነይ ቅረቢና እዪው። እናትሽ ግን ተዳረች፣ አንቺም ተወለድሽ። ማድያት ትዳር አያፈርስም፣ ልጄ፣ በማድያት ማፈር ግን ሊያፈርስ ነበር።

— እሺ፣ ክሬሙን ተውኩት። ለምረቃዬ ቀን ግን ጃንጥላሽን አውሺኝ።

— ጃንጥላዬንማ አልሰጥም!

— ተያት፣ ሳሮን (ይህን ያሉት ጥግ የተቀመጡት አያት ናቸው)፣ እኔ ጭልፋውን አመጣልሻለሁ።