ከሁሉም ጋር የታረቀችው ልጅ

የስምንት ዓመቷ ትርሲት እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ቤተሰቡ ግን «ትምህርት እስኪዘጋ» ብሎ መርዶውን ደብቋታል፤ አሁን ከሰዓት በኋላ፣ የእናቷ እህት እታፈራሁ የተፈነከተ ግንባሯን በጨው ውሃ እያጠበችላት ነው።

ትርሲት፦ አክስቴ፣ የማስታውቅሽ ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከምሳዬ ትልቁ ድንች የገዛኸኝ ነው።

እታፈራሁ፦ የትኛው ገዛኸኝ? ይሄን ግንባር የፈነከተው?

ትርሲት፦ አዎ። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

እታፈራሁ፦ ፈንካቹ እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ!

ትርሲት፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ» ስለው አላውቅበትም አለ። አስጠናሁት።

እታፈራሁ፦ ልታሳብጂኝ ነው አንቺ ልጅ! እርሳስሽን ለሰረቀችሽ መቅረጫውን ጨምረሽ ሰጠሽ። እማማ ውዴ ሰድበውሽ አንቺ ሄደሽ ጉልበታቸውን ሳምሽ።

ትርሲት፦ እሳቸውማ አርጅተዋል። መቸኮል ነበረብኝ።

እታፈራሁ፦ ገዛኸኝስ? ያ ወይፈን የሚያህለው?

ትርሲት፦ ወይፈን የሚያህልም ይሞታል። የጋሽ ደምሰው ለቅሶ ላይ ሚስታቸው «ሳንታረቅ! ሳንታረቅ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አላየሽም?

እታፈራሁ፦ እሱ የትልቅ ሰው ጣጣ ነው። ልጅ ይጣላል፣ ይቧጨራል፣ ሲመሽ ይረሳል። በእናትሽ፣ ነገ አንዴ ብቻ መልሰሽ ምቺው!

ትርሲት፦ በእናቴ አትበይኝ።

እታፈራሁ፦ እሺ፣ አፈር ስሆን!

ትርሲት፦ እሱንም አትበይ! …እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሳበችኝና «ሂጂልኝ!» አልኳት። ሄደች።

እታፈራሁ፦ ለሕክምና ነዋ የሄደችው! አዲስ አበባ! ስንቴ ልንገርሽ?

ትርሲት፦ እሺ።

እታፈራሁ፦ «እሺ» አትበይኝ! ሁለት ወር ሙሉ እሺ፣ እሺ! ተቆጪ፣ አልቅሺ፣ ጫማ ወርውሪብኝ! እባክሽ የኔ እናት፣ አንዴ ስደቢኝ። «አንቺ ውሸታም» በይኝ።

ትርሲት፦ አልልም።

እታፈራሁ፦ ለምን?

ትርሲት፦ ብትሞቺስ?

እታፈራሁ፦ ብሞትስ! እናትሽ አለችልሽ አይደል? ትናንት ማታ እኔ ጎረቤት ሄጄ ሳለ ደውላ አላናገረችሽም?

ትርሲት፦ አናግራኛለች። አንቺ ከሞትሽ ግን እሷም መደወል ታቆማለች።