የምትሰማዋ ሩር፦ የአቶ ዓምደ ሚካኤል ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ፣ ከቅርብም ከሩቅም አጥቢያ ደክማችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ ወንድማችንን አፈር ከማልበሳችን በፊት እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ በጥቂቱ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን መርስዔ ኃዘን ወዳጆን አዝዞኛልና፣ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌታነሽ በመንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር፣ ሐምሌ 5 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በዘመሮ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ የአናጢነትን ሙያ ከአጎታቸው ቀስመው፣ ገና በወጣትነታቸው በርና መስኮት፣ ሞፈርና ቀንበር፣ የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ሳይቀር የሚሠሩ ባለሙያ ለመሆን በቁ። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ አመተሥላሴ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው እስከዳርን፣ ማሙሽንና ኮከብን ወለዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በዘመሮ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው ልጆች የሚማሩባቸውን ዴስኮች ሲሠሩ ኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው በገና ጨዋታ ነው። በዱላ የምትመታዋን የእንጨት ኳስ፣ ሩርን፣ በአካባቢያችን እንደ እሳቸው አድርጎ የሚሠራ አልነበረም፤ ከወይራ ሥር ጠርበው፣ በመስታወት ስባሪ ፍቀው፣ ቅቤ አጠጥተው የሚያወጧት ሩር ስትመታ እንደ ጥይት ትሄድ ስለነበር የላይኛውም የታችኛውም አጥቢያ ገና ሲቃረብ ወደ ደጃቸው ይመጣ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የገና ዕለት ግን ወንድሜ ራሳቸው የሠሯትን ሩር ራሳቸው መትተው፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ወገን ይጫወቱ የነበሩትን የልብ ጓደኛቸውን የአቶ መኳንንትን ቀኝ ዓይን አገኙ። በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ዘንድ ብናደርሳቸውም ዓይናቸው ሳይድን ቀረ፤ ዓመት ሳይሞላም ጤነኛው ዓይናቸው ያኛውን ተከትሎ ጠፋ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ድንገት የደረሰ መሆኑን አይተው ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። ወንድሜ ግን መፍቀቂያውን መስታወት ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የአቶ መኳንንትን የገብስ ማሳ በራሳቸው በሬዎች እያረሱ፣ ወደ ጓደኛቸው ደጅ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዝር ሳይሉ ኖሩ።

በ1991 ዓ.ም. አቶ መኳንንት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሸዋን ልከው አስጠሯቸው። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ወንድሜ ወቀሳ ሲጠብቁ የሰሙት ሌላ ነው። አቶ መኳንንት «ገና ሲደርስ ከሜዳው ዳር ያስቀምጡኛል፤ ሰዉ ይጮኻል፤ ሩሯ የት እንዳለች ግን የሚነግረኝ የለም። አንተ እጅህ ብልህ ነው፣ እስቲ እንድሰማት አድርጋት» አሏቸው። በማግሥቱ ወንድሜ ከዚያ የገና ዕለት ወዲህ የተዘጋውን የሩር መሥሪያ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

የመጀመሪያዋን ሩር የፍየል ቃጭል አስገብተው በቆዳ ሰፏት፤ በሦስተኛው ምት ቃጭሉ ተጨፍልቆ ዝም አለች። ሁለተኛዋ ጠጠር የሞላች ነበረች፤ ስትንከባለል ትሰማለች፣ ሣር ውስጥ ስትቆም ግን ትጠፋለች። በዚያ ሰሞን ሰው ሲስቅ እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። «ጋሼ፣ ዴስኩ ይሻልዎታል፤ መሳቂያ አይሁኑ» ማለቴን ዛሬ በእሳቸው ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ። እሳቸውም «ይሳቁ፤ መኳንንት አልሳቀም» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1994 ዓ.ም. ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ዓለም ከተማ ደረሱና ሬዲዮና ሰዓት የሚጠግኑትን አቶ ኢስሐቅን አገኙ። አቶ ኢስሐቅ ዛሬ ከልጃቸው ከራህማ ጋር በመካከላችን ስላሉ የማነበውን ያውቁታል። ወንድሜ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቆማም ሆነ ስትሄድ የማያቋርጥ ድምፅ ሲፈልጉ፣ አቶ ኢስሐቅ ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ደወሉን ፈትተው አወጡና «ይህ ሰውን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ የተሠራ ነው እንጂ በዱላ ለመመታት አይደለም» አሏቸው። ወንድሜም «ዱላው እንዳይደርስበት ማድረጉን ለእኔ ይተዉልኝ» ብለው ይዘውት ተመለሱ።

ለዚህም የደረሰላቸው የአገራችን የበግ ጠጉር ነው። ወይዘሮ አመተሥላሴ የፈተሉትን ወፍራም ክር በደወሉ ዙሪያ እያጠበቁ ደራርበው ጠቀለሉት፤ በላዩ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አለበሱት፤ ከላስቲኩ በላይ የበሬ ቆዳ ሰፉበት፤ ባትሪው የሚገባበትንም ቀዳዳ በቆዳ ክዳን ዘጉት። በ1995 ዓ.ም. ገና ሩሯ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ጢት ጢት እያለች ዋለች። አቶ መኳንንት ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ፊታቸውን ከሩሯ ጋር ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ያየ ሰው ዓይነ ስውር ናቸው ብሎ አይገምትም ነበር። ሩሯ ጠጉር ለብሳ ስለ ለሰለሰችም፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ በእኛ ሜዳ ዓይኑን የተጎዳ የለም።

በ1999 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከቆላው የወጣ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ሳለ፣ የእኛ የላይኛው አጥቢያ ሩሯ የታችኞቹን የወሰን ድንጋይ አልፋለች ብሎ ጨፈረ፤ የታችኞቹ አላለፈችም ብለው ተቆጡ፤ ነገሩ ከጨዋታ ወጥቶ ዱላ ሁሉ ወደ ላይ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ወንድሜ አቶ መኳንንትን እጃቸውን ይዘው መካከል አስገቧቸውና «ያልሰማ ዝም ይበል፤ የሰማው እሱ ነው» አሉ። አቶ መኳንንትም በገዛ አጥቢያቸው ላይ ፈረዱ። «ድንጋዩን አላለፈችም። ከድንጋዩ ወዲህ ቦይ ውስጥ ናት፤ ጩኸታችሁን ተዉና ስሟት» አሏቸው። ሜዳው ጸጥ ሲል ድምፅዋ ከቦዩ ውስጥ ተሰማ። ዱላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮም የወሰኑ ዳኛ አቶ መኳንንት ሆኑ።

ትንሿ ልጃቸው ኮከብ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳለች፣ በባሕር ማዶ ኳስ መስመር ማለፏን የሚለይ መሣሪያ ለዳኛው ምልክት እንደሚልክ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ለዳኛው ብቻ ነው የምትናገረው?» ብለው ጠየቋት፤ አዎን ስትላቸው «የእኛዋ ለሁሉም ትናገራለች» ብለው ፈገግ አሉ። ሥራቸውን ግን ትልቅ ነገር ነው ብለው አያውቁም፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ አሠራሩን ያሳዩ ነበር።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ሐኪሞች የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ በቤታቸው ተኙ። አቶ መኳንንት በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ጥሩሸዋ እየመሯቸው መጥተው ከራስጌያቸው ይቀመጡ ነበር። ባለፈው ወር ወንድሜ «መኳንንት፣ ይቅር በለኝ ብዬህ አላውቅም» አሏቸው። እሳቸውም «አላልከኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ ብዬህ አላውቅም። ሁለታችንም ሥራ ይዘን ነበር» ሲሉ መለሱ። ከዚያ በንስሐ አባታቸው ፊት አንዱ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌላው ይቅር አሉ፤ ወንድሜም ከሕመማቸው ወዲህ ባልታየባቸው ሰላም ያን ቀን ዋሉ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ወዳጆ ቅዱስ ቊርባን ተቀብለው፣ የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ አመተሥላሴን፣ ልጆቻቸውን እስከዳርን፣ ማሙሽንና ኮከብን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ሁለት ወንድሞችን ትተዋል። ከሁለቱ ወንድሞች አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው አቶ መኳንንት ናቸው፤ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ ያዘዙት ወንድሜ ራሳቸው ናቸው።

የድካማቸውን ዋጋ የሚያውቅ አምላክ በደላቸውን ሳይቆጥር፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀሪዎቹ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።