የኪራይ አንደበት

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በኅዳር፣ የግምጃ ቤቷ መምህርት ማናለብሽ ጠመኔ ልትወስድ ዳንግላ መጥታ ከጋሪ ስትወርድ፣ ያባቷን ታላቅ ወንድም አያ አበረን ፍርድ ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው። ከዘንገና የመጡት ነገረ ፈጅ ፍለጋ ነበር። ግራዝማች ሀብቱ የፈረሶቻቸውን ግጦሽ ከቀሟቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ባለፈው ቀጠሮ ያቆሙት ነገረ ፈጅ አፈ ጮሌ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱን አይቶት ስለማያውቅ ወሰኑ ከምንጩ ማዶ መሆኑ ቀርቶ ከምንጩ ወዲህ ነው ብሎ ግጦሹን በገዛ አፉ አስረከበ። አያ አበረ ከጎኑ ቆመው እየሰሙ ዝም አሉ። የመጨረሻው የክርክር ቀጠሮ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስሕተቱን እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አለች ማናለብሽ ይህን ሲነግሯት።

«ምን ብዬ ልናገር ልጄ? በጌቶች መካከል በባላገር አማርኛ አፌን ብከፍት መሣቂያ እሆናለሁ። አውንጊያችን እንደሆነ የበሬና የሞፈር ቋንቋ ነው፤ ችሎት አይገባም።»

የማናለብሽ ደም ፈላ። ስንቱን ባለደም ያስታረቁ ሽማግሌ ከተማ ሲገቡ ዲዳ እንዲሆኑ ማን ፈረደባቸው?

«ግራዝማች ሲንተባተቡ ‹ረጋ ያሉ ጨዋ› ይባላሉ፤ እርስዎ አንድ ቃል ሲጠፋዎት ‹ደንቆሮ› ይባላሉ። የሚመዘነው ንግግሩ መሰለዎት? የሚመዘነው ካባው ነው። ይህ ግፍ ነው፤ እርስዎም ደግፈው ይዘውታል።»

አያ አበረ ተቆጡ።

«አንቺስ? የልጅ ልጄን፣ ዋጋዬ የምትባለውን፣ ክፍል ውስጥ በአውንጊ ተናገረች ብለሽ አንበርክከሻት የለም እንዴ? የበሬ ቋንቋ መባሉን እኔ ከናንተ ከተማሩት ነው የሰማሁት።»

የማናለብሽን ፊት እፍረት አጋለው። በሌላው ላይ የጮኸችበት በደል በራሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

«ጥፋቴ ነው፤» አለች። «ከነገ ጀምሮ በክፍሌ ማንም በአፍ መፍቻው አይቀጣም። ግን የእኔ ጥፋት መሬትዎን ሊያሳጣዎት አይገባም። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አለው። ወሰኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይናገሩ።»

ሽማግሌው ነገረ ፈጅ መፈለጉን ተዉት።

ከሰዓት በኋላ ችሎቱ ፊት ቆመው፣ አስተርጓሚው እየተረጎመላቸው፣ በአውንጊ ሲጀምሩ ከኋላ ሣቅ ተሰማ። እሳቸው ግን አላቆሙም። ነገረ ፈጁ ወሰኑን መሳሳቱን ተናግረው፣ ምንጩን፣ የወሰኑን ድንጋዮች፣ ድንጋዮቹን ያቆሙትን ሰዎች እየጠሩ ሲዘረዝሩ ሣቁ ጠፋ። ዳኛው ቦታው እንዲታይ አዘዙ፤ ድንጋዮቹም እንደተባለው ተገኙ።

ሰው በራሱ አፍ ሲናገር ዳኛ እውነቱን ያገኛል፤ ድኻም መብቱን የሚሸጥበት ደላላ አያስፈልገውም። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ግጦሽ ማጣት ነበረባቸው?

በፍርዱ ቀን ጸሐፊው ግጦሹን ለአያ አበረ የሚመልሰውን ውሳኔ ለሊቃውንት እንኳ በሚከብድ አማርኛ አነበበ። እንደ ልማዱ ሁሉም የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። አያ አበረ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ጌታዬ፣ አልገባኝም። በሚገባኝ ቋንቋ ይነበብልኝ።»

ጸሐፊው ዳኛውን አየ። ዳኛው አስተርጓሚውን ጠሩ። ከኋላ የቆሙት ባላገሮችም ለመስማት አንድ በአንድ ወደ ፊት ተጠጉ።