ማዘርቦርድ ልንገዛ የወጣን ዕለት

ረቡዕ ረፋድ ላይ ከጎልማሶች ትምህርት ወጥቼ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ ልጄን የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎቹ መንገድ ጥግ ላይ አገኘኋት። ከእሷ ጋር ተቀጣጥረን ነበር። ጋሼ ፍሬንን ግን ሳንቀጥራቸው እዚያው አገኘናቸው። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ሰው አዲስ ነገር ልጀምር ባለ ቁጥር «ፍሬን ያዝ» ስለሚሉ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉትም።

«ደግሞ እናትና ልጅ ተደራጅታችሁ ወዴት ልትዘምቱ ነው?» አሉን።

ልጄ እጅ ነሥታ አስረዳቻቸው። መሐንዲሶች ያቀዱትን ሕንፃ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚሄድበት እስኪመስል ድረስ በኮምፒውተር እየሣለች ታንቀሳቅሳለች። አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ የሙከራ ሥራ ሰጥቷታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካስረከበች በቋሚነት ይቀጥራታል። ሥዕሉ አልቋል። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ለመለወጥ ግን ባለበት ፍጥነት አሥር ቀን ይፈልጋል፤ የቀረን ዘጠኝ ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ የሚቻልበት ዓይነት ነው፤ የተሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ለኪሳችን የማይከብድ፣ ፍጥነት መጨመር የሚፈቅድ ቦርድ ልንፈልግ ወጥተናል።

ጋሼ ፍሬን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፍሬን ያዢ የኔ ልጅ። የሠራው ፋብሪካ በዚህ ፍጥነት ይሂድ ብሎ ቁጥር ሰጥቶታል። ከሠሪው አንቺ ትበልጫለሽ?»

እየሄድን የወጣትነታቸውን ታሪክ አወሩልን። አንድ ቀን ቀድመው ለመድረስ ብለው ሙሉ ጭነት ይዘው ዳገቱን በነዳጅ ብዛት ሲገፉት ሞተሩ ግሎ ነከሰና ቆመ። ሁለት ቀን መንገድ ዳር ተቀመጡ፤ ሲመለሱም ከሥራ ተባረሩ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን የእኛን ኮምፒውተር አሰብኩ። ፕሮሰሰሩ ቢቃጠል የምንተካበት የለንም። ሥራውም ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ይቀራል። ስለዚህ ልቤ ወደ እሳቸው አዘነበለ።

«ሁሉም ነገር ልክ አለው» አሉ ቀጥለው። «እናትሽም በዚህ ዕድሜዋ ፊደል ልቁጠር ትላለች።»

ደብተሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ልጄ ግን በትሕትና መለሰች።

«ጋሼ፣ ሠሪው ያን ቁጥር የሰጠው ዕቃው የትም ቢገባ፣ ማንም ቢይዘው እንዳይቸገር ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው። ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት ኃይል የሚመግበው ቦርድና ማቀዝቀዣው ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ መኪና ቀድሞ የከዳዎት ሞተሩ ነበር ወይስ ማቀዝቀዣው?»



«ማቀዝቀዣው ነው፤ ራዲያተሩ ያፈስ ነበር» አሉ ጋሼ ፍሬን። «አለቃዬም ያውቅ ነበር።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ክፍል ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሮበታል። ባለሱቁ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ቦርድ አወጣልን። አንደኛው ዙሪያውን ባለቀለም መብራት አለው፤ ካርቶኑም ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላኛው እንደ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ደረቅ ያለ ነው። እኔ ወዲያው ባለመብራቱ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ፤ ሲያዩት የበረታ ይመስላል። ጋሼም «መግዛታችሁ ካልቀረ እሱ ይሁን» አሉ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥተን የተስማማነው በስሕተት ላይ ነበር።

ልጄ አስቀድማ ፍጥነት መጨመር ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀች። ሁለቱም ይፈቅዳሉ። «መፍቀድ ሌላ፣ መቻል ሌላ ነው» አለችና ፕሮሰሰሩ ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ጥቁር ዕቃዎች አሳየችን። ኤሌክትሪኩን መጥነው ለፕሮሰሰሩ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው፤ ፍጥነት ሲጨመር ሸክሙ በእነሱ ላይ ይወድቃል። ባለመብራቱ ላይ ጥቂት ናቸው፣ ራቁታቸውንም ቆመዋል። ደረቁ ላይ በርከት ይላሉ፤ በላያቸውም ወፍራም የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ተጭኗል።

«እውነቷን ነው» አለ ባለሱቁ። «ግን ሰው መብራቱን አይቶ ነው የሚገዛኝ። ይህን የሚጠይቅ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።»

ጋሼ ግን በቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሱቁ ውስጥ በእነዚሁ ሁለት ቦርዶች የተሠሩ፣ ክዳናቸው የተነሣ ማሳያ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ልጄ ባለሱቁን አስፈቅዳ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከባድ ሥራ ጫነችባቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና በሹፌርነታቸው ዘመን የሞተሩን ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት እንደሚያደርጉት የእጃቸውን ጀርባ ወደ ባለመብራቱ አስጠጉ። ሳይደርስ መለሱት። በስክሪኑም ላይ ከሙቀቱ የተነሣ ፍጥነቱ በራሱ እየወረደ ነበር። ወደ ደረቁ ሄደው እጃቸውን አሉሚኒየሙ ላይ አሳረፉ፤ አላነሡትም።

«ያኛው» አሉ ወደ ባለመብራቱ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እኔን ያስባረረኝ መኪና ነው። ይኼኛውን ግዙ።»

ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው «ሙቀቱን የሚከታተለው ግን ማን ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«እናቴ» አለች፤ ሳታማክረኝ።

ከሰዓት በኋላ ቦርዱን ገጠመችው። ፍጥነቱን ጥቂት ትጨምራለች፣ ትፈትናለች፤ እኔ ከስክሪኑ ላይ ሙቀቱን አንብቤ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አምስተኛው ጭማሪ ላይ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። እኔ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ እሷ ግን አጥፍታ አስነሣችው፣ ፍጥነቱንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰችው። «ልኩ እዚህ ነው እማዬ። አሁን አወቅነው» አለችኝ። ኀሙስ ጠዋት ዋናውን ሥራ አስጀመረች። እኔም በየቀኑ ከትምህርት መልስ ሙቀቱን እየጻፍኩ ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። ዓርብ ረፋድ ላይ አለቀ፤ ከሰዓት በፊት አስረከበች። ሰኞ ሥራ ጀምሪ ተባለች።

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ የሚሰጉ እናቶችና እንደ ጋሼ የሚያስጠነቅቁ ታላላቆች እንዲያነቡት ነው። ስጋት ክፉ አይደለም፤ ሳይመረመር ሲቀር ግን የልጅን መንገድ ይዘጋል። ዕቃ ስንገዛ ከጌጡ በፊት ሸክሙን የሚሸከመውን ክፍል እንጠይቅ። ተመሳሳይ ዋጋ ተመሳሳይ አቅም ማለት አይደለም። የነገርን ልክ ደግሞ ጥቂት በጥቂት እየፈተንን፣ እየጻፍን እንወቀው እንጂ ከሩቅ አንወስንበት። እንዲህ በማድረጋችን ልጄ ሥራ አገኘች፤ ኮምፒውተሩም እስከ ዛሬ በጤና ይሠራል።

ልጄ ሥራውን ባስረከበችበት ዓርብ ማታ ጋሼ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ መጡ። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አግኝተው ገጾቹን ቀስ እያሉ ገለጡ።

«ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እኔ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመንገድ ምልክቱን ሁሉ በቅርጹ ነው የማውቀው። የተጻፈበትን አንብቤው አላውቅም።» ደብተሩን አስተካክለው አስቀመጡት። «ትምህርቱ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኳቸው።

ፍሬን ያዙ እንዳልላቸው ምላሴን ነከስኩ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ፣ ክፍሉ በር ላይ አዲስ ደብተር ይዘው ቆመዋል።